ለልጅ ልጄ የሰፋሁት ድሪቶ

ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት አሥራ አራት ደቂቃ የፈጀብኝ ቀን አለ። ልክ አሥራ አራት መሆኑን የማውቀው በስልኬ ስለምለካ ነው። የወገቤ ሐኪም ከሃያ ደቂቃ በላይ አንድ ቦታ እንዳልቀመጥ አስጠንቅቃኝ ስለነበር፣ ልሰፋ ስቀመጥ ስልኬን ሃያ ላይ እሞላዋለሁ፤ ሲጮህ እነሳለሁ። ያን ቀን የተረፈችኝ ስድስት ደቂቃ ናት። በስድስቷ ደቂቃ አንድ ቢጫና አንድ ሰማያዊ ቁራጭ ጨርቅ አጋጥሜ ሰፋሁ፤ በጣም ቆንጆ ሆነ። ስልኩ ጮኸ፣ ተነሳሁ፣ ጨርቁም አብሮኝ ተነሳ። ከሱሪዬ ጋር ሰፍቼው ኖሯል።

ብርድ ልብስ ልሥራ ብዬ የተነሳሁት እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ። እዚህ ስደት አገር፣ ኢቶቢኮ የሚባል ሰፈር፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና ነድቻለሁ። አንድም ቀን ዕቃ ጥዬ አላውቅም፤ ይህንንም ለሰው ሳልናገር የዋልኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ወገቤ የተጎዳው ግን ሥራ ላይ አይደለም። ቤቴ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ካልሲ ሳጠልቅ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ “ከባድ ነገር አንስቼ ነው” እላለሁ። ሚስቴ አጠገቤ ካለች “ካልሲ ነው” ብላ ታርመኛለች። ከዚያ ወዲያ ጡረታ ወጣሁና ክሬሰንት ታውን፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ሥር ሃያ ሃያ ደቂቃ የምቀመጥ ሰው ሆንኩ።

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ሳሎናችን ጥግ ላይ ነው፤ የሕንፃው ሴት ሁሉ ቀሚስ የሚያሳጥረው፣ ሱሪ የሚያስጠብበው እሷ ዘንድ ነው። የቆረጠችውን አትጥልም። የኮት ቁም ሣጥናችን ውስጥ ኮት የለም፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ የታጨቀባቸው ጥቁር ፌስታሎች ናቸው ያሉት። እኔ ቤት መዋል ስጀምር ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት መስጠት አብዝቼ ነበር መሰለኝ፣ አንድ ጠዋት ፌስታሎቹን አምጥታ እግሬ ሥር ዘረገፈቻቸው።

“ዝም ብለህ ከምታፈጥብኝ፣ በየቀለሙ ለይልኝ” አለች።

ለየሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ አደረግኩ። በሁለተኛው ሳምንት ቀዩን ራሱን በአራት ከፈልኩት። በሦስተኛው ሳምንት ሚስቴ አንድ ብርቱካናማ ቁራጭ ከቀዩ ክምር ላይ ስታስቀምጥ አይቼ ጮህኩባት። ነገሩ እንደያዘኝ የገባኝ ያኔ ነው። ስልኬ ላይ ስፈላልግ አንዲት ነጭ ፀጉር ያላት የዚህ አገር አሮጊት አገኘሁ፤ ቁርጥራጭ እየገጣጠመች ብርድ ልብስ ስትሠራ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አሏት። ኩዊልት ይሉታል። “በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ብቻ፣ አትቸኩሉ” ትላለች። እኔ ደግሞ ብፈልግም መቸኮል አልችልም። ኩዊልት ልሠራ ነው ብዬ ለሚስቴ ስነግራት ከስፌት መኪናዋ ቀና እንኳን አላለችም።

“እሱማ ድሪቶ ነው። አያቴ ቤት ውሻው የሚተኛበት ነበር” አለች።

ለማን እንደምሠራው አልጠየቀችኝም፤ ታውቃለች። ልጃችን አርግዛ ነበር። ያለችን አንድ ልጅ እሷው ናት፤ የምትኖረው እዚሁ ስካርቦሮ ነው፣ ሁለት አውቶቡስ ቢሆን ነው። እኔን ካናገረችኝ ግን ዓመት ተኩል ሊሞላ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን እንዲህ በአጭሩ ስጽፈው ቀላል ይመስላል፤ ያኔ ግን ጥፋቱ የኔ ነው ከማለት ፎርክሊፍቱን በጥርሴ ማንሳት ይቀለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ልታገባው የፈለገችው ልጅ እዚሁ የተወለደ የፖርቱጋሎች ልጅ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። እኔ “ሽማግሌ ሳይላክ ልጅ አልድርም” አልኩ፤ አገር ቤት የሰፊ ርስት ጌታ የነበርኩ ይመስል። ልጄ አልተከራከረችኝም። ለልጁ ወጉን አስረዳችው፤ እሱም አጎቱንና የሥራ አለቃውን ላከ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ወፋፍራም ሰዎች ክራባት አስረው፣ ኬክ ይዘው መጡ። በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ፤ የአጎትየው ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። እኔ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ፊቴን አጨፍግጌ ተቀምጫለሁ። አጎትየው ከደረት ኪሱ ልጄ የጻፈችለትን ወረቀት አወጣና “ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን መጥተናል” የሚለውን በእንግሊዝኛ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል አነበበ።

እኛ ዘንድ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ሽማግሌ ይመላለሳል። የልጅቷ አባት ይኮሳተርና “ይታሰብበታል፣ ተመለሱ” ይላል፤ በሁለተኛው ሲመጡ ነገሩ ይላላል፣ ይሳቃል፣ ይመረቃል። ለኔ ግን “ይታሰብበታል” አነሰኝ። በሕይወቴ ሙሉ ሌላ ሰው ሲያዘኝ እሺ ስል የኖርኩ ሰው፣ አንድ ቀን ሁለት ሰዎች ክራባት አስረው ከፊቴ ቀርበው ሲለምኑኝ ሞቅ አለኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩና በእንግሊዝኛ “አይሆንም፤ ልጄን አልሰጥም” አልኩ። ድምፄ እንዴት አምሮ እንደወጣ አልነግራችሁም። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። አጎትየው ወረቀቱን አጠፈ፣ እጄን ጨበጡኝ፣ ጫማቸውን አጠለቁና ሄዱ። ኬኩን ትተውልን ነው የሄዱት።

በሚቀጥለው እሑድ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ጠበቅኳቸው። ከዚያ በኋላ ባለውም እሑድ ጠበቅኳቸው። ሚስቴ “አንተ ሰውዬ፣ እነዚህ ሰዎች እምቢ ሲሏቸው እምቢ ነው የሚመስላቸው። ለልጅህ ደውልና አስረዳት” አለችኝ። እኔ ልደውል? የልጅቷ አባት? በመጨረሻ የደወለችው ልጄ ናት፤ እያለቀሰች።

“አባዬ፣ ኖ አልካቸው እኮ! እኔ ስንት ትራይ አድርጌ፣ ሌተሩን ሁሉ ራሴ ራይት አድርጌ!”

ለወጉ ብዬ ነው፣ በሁለተኛው ሲመጡ እሺ ልላቸው ነበር ብላት ሁሉም ነገር እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን “ወጉን የምታውቂ መስሎኝ ነበር” አልኳትና ስልኩን ዘጋሁት።

ሠርጉ ያለኔ ሆነ። ሚስቴ ሄደች። እኔ ቤት ቀረሁ፤ ምናልባት ሰው ልከው ያስወስዱኛል ብዬ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ቴሌቪዥን ፊት ዋልኩ። ማንም አልመጣም። ከሰዓት በኋላ አንድ ወዳጄ ደውሎ “እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጅህን ዳርክ” ሲለኝ፣ “እኔ ልጅ የለኝም” አልኩት። እልህ ነው ያናገረኝ። ይህች ቃል ሳምንት ሳይሞላት ስካርቦሮ ደረሰች። ከዚያ ወዲህ ልጄ የምትደውለው ለእናቷ ብቻ ሆነ። ማን እንደደወለ ከሚስቴ ፊት ላይ አውቅና ወደ በረንዳ እወጣለሁ፤ በረዶ ቢጥልም እወጣለሁ። በሩን ግን ድምጿ እንዲሰማኝ ገርበብ አደርገዋለሁ።

እርግዝናዋን የሰማሁትም እዚያው በረንዳ ላይ ቆሜ ነው። ይቅርታ መጠየቅ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን ባደግኩበት ቤት አባት ለልጅ ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም። አባቴ አንድ ጊዜ ባላጠፋሁት ጥፋት ገርፎኛል። ጥፋተኛው ሌላ መሆኑን ሲሰማ ያደረገው ነገር ቢኖር ራት ላይ ከፊቱ ያለውን ሥጋ ወደኔ በኩል ገፋ ማድረግ ነው። እኔም በልቼ ዝም አልኩ፤ ታረቅን። አሁን እኔ ያንኑ ላደርግ ነበር ያሰብኩት፤ በሥጋው ፈንታ ብርድ ልብስ ልገፋላት። ልጄ ስታየው ሁሉም ነገር ይገባታል፣ እኔም አፌን ሳልከፍት እንታረቃለን ብዬ ከልቤ አመንኩ።

ስድስት ወር ፈጀብኝ። ዘዴው አራት ማዕዘን እየቆረጡ መግጠም ነው፤ ሁሉም እኩል መሆን አለባቸው። የመጀመሪያዎቹን አርባ ቁራጮች ከቆረጥኩ በኋላ ነው የሚስቴን ሜትር በተቃራኒው በኩል ይዤው እንደነበር ያወቅኩት። አሮጊቷ አምስት ኢንች ስትል እኔ አምስት ሴንቲሜትር ስቆርጥ ከርሜያለሁ። ያ ብርድ ልብስ አልቆ ቢሆን ኖሮ ለአንዲት እርግብ ይበቃት ነበር። እጄ ደግሞ ትልቅ ነው፤ መርፌ ይጠፋበታል። አንዱን መርፌ ሶፋው ውስጥ ጣልኩና ሚስቴ አገኘችው፤ እንዴት እንዳገኘችው መናገር አያስፈልግም።

ወዳጆቼ እንዳያውቁብኝ በር ሲንኳኳ ሁሉንም ነገር ትራስ ሥር እከት ነበር። አንድ ቀን አንዱ መጥቶ ትራሱን ሲደገፍ ጫፉን ጎተተና “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” አለ። “የሷ ነው” ብዬ ወደ ሚስቴ ጠቆምኩ። ሚስቴ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

“የኔ ስፌት እንዲህ ይንጋደዳል እንዴ?” አለች በጣም ተቀይማ።

በዚያው ጉዴ ወጣ። ወዳጄ ግን አልሳቀብኝም፤ ይልቁንስ በሚቀጥለው ሳምንት የራሱን አሮጌ ሸሚዝ ይዞልኝ መጣ። እንዲያ እንዲያ እያለ ክምሩ አደገ። ከፓኪስታኗ ጎረቤታችን ሻርፕ የተረፈ ወርቃማ፣ ከአንዲት ነርስ የሥራ ልብስ የተቆረጠ አረንጓዴ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው አበባ አበባ ያለበት ሐምራዊ። በቀን ሁለት ቁራጭ፣ ወገቤ ከፈቀደ ሦስት።

ከፌስታሎቹ በአንዱ፣ ከታች፣ የልጄን ፒጃማ አገኘሁ። ቢጫ ነው፤ ግራጫ ዝሆኖች አሉበት። አምስት ዓመቷ ላይ ገዝተንላት፣ እግሩ ጉልበቷ ጋ እስኪደርስ አላወልቅም ያለችው ነው። እኔ ከሌሊት ፈረቃ ስገባ ይህንን ለብሳ ቁርሷን እየበላች ነበር የማገኛት። ያን ዕለት ሃያ ደቂቃዬን አንድም ሳልሰፋ ፒጃማውን ይዤ ጨረስኩ። ናፍቃኝ ነበር። እንደዚያ ናፍቃኝ እንደነበር ጨርቁን እስክይዝ አላወቅኩም።

በማግስቱ ከፒጃማው ዝሆን ያለባቸው አሥራ ሁለት ቁራጮች አወጣሁ። ሁሉንም ራሳቸው ወደ ላይ፣ እግራቸው ወደ ታች አድርጌ በሌሎቹ ቀለሞች መካከል አስገባኋቸው። አንዱ ዝሆን ኩምቢው ተቆርጦብኝ ነበር፤ እሱን ከታች ጥግ ላይ ደበቅኩት።

ወንድ ልጅ ተወለደ። ሚስቴ አራሷን ልትንከባከብ ሻንጣዋን ይዛ ስካርቦሮ ገባች። ስትወጣ የቀረኝን አየች፤ የቀረኝ ጠርዙ ነው። “እስክመለስ ቆየኝ፣ ጠርዙን አብረን እንጨርሰዋለን” አለችኝ። እሺ አልኳት። ሊፍቱ ታች ከመድረሱ በፊት ፌስታሎቹን እየበረበርኩ ነበር።

ከፌስታሎቹ ሁሉ ትንሿ ውስጥ ጥለት አለ። ሚስቴ የሐበሻ ቀሚስ ስታሳጥር የሚተርፋት ነው፤ አንዱ ጣት የሚያህል፣ አንዱ ስንዝር፣ ቀይ ከወርቃማ፣ አረንጓዴ ከሰማያዊ። እኔ እነዚያን ቀጣጥዬ አንድ ረጅም ጥለት አወጣሁ። በአራት ቀን ነው የቀጠልኩት፤ ወገቤም ጨርሶ ከድቶኝ ነበር። ግን የበቃው ለአንድ በኩል ብቻ ነው። ለየትኛው? አሰብኩበት። ይህን የመሰለ ነገር ሕፃኑ እግር ሥር አድርጎ ማን ያየዋል? ከራስጌ ቢሆን፣ ሲጠቀለል አገጩ ሥር ይውላል፤ የመጣ ሁሉ ያየዋል፣ እሱም ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው ይሆናል። ከዝሆኖቹ ራስ በላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰፋሁት። ሶፋው ላይ ዘርግቼ ራቅ ብዬ አየሁት፣ ቀረብ ብዬ አየሁት፣ ፎቶ አነሳሁት። እንዲህ ራሴን የወደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ የልጄ ባል የሚስቴን መነጽርና መድኃኒት ሊወስድ መጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ በር ላይ ፊት ለፊት ተያየን። “ጤና ይስጥልኝ፤ እንዴት ነዎት?” አለኝ በአማርኛ፤ ተለማምዶት እንደመጣ ያስታውቃል። አፈርኩ። መነጽሩን፣ መድኃኒቱን፣ ከዚያ ብርድ ልብሱን በፌስታል አድርጌ ሰጠሁትና በእንግሊዝኛ “ለሕፃኑ ነው” አልኩት። አመሰገነኝ። ግን አልሄደም፤ ሌላ ነገር የምናገር መስሎት ቆሞ ጠበቀኝ።

“መንገዱ ያንሸራትታል፤ ቀስ ብለህ ንዳ” አልኩት።

ከዚያ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። አሁን ደርሷል፣ አሁን ፌስታሉን ከፍተዋል፣ አሁን ዝሆኖቹን አይታ “የኔ ፒጃማ!” ብላለች እያልኩ በሐሳቤ አብሬያቸው ነበርኩ። ስትደውልልኝ ምን እንደምል ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ “ምንም አይደለም፣ ትርፍ ጨርቅ ነው” ልል ነበር። ስልኩ ጠራ። ሚስቴ ናት፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋለች።

“ምንድን ነው የላክኸው?”

“ምነው፣ አላማረም?”

“ጥለቱን የት ነው ያደረግኸው?”

“ከራስጌ። እንዲታይ ብዬ።”

“ዘቅዝቀኸዋል” አለች። “ዝሆኖቹ ቆመው፣ ጥለቱ አንገት ላይ! ለቅሶ ቤት ነው እንዴ? ልጅቷ አልጋው ላይ ዘርግታው ታለቅሳለች። ‘ያኔ ልጅ የለኝም አለ፣ አሁን ደግሞ በገዛ ፒጃማዬ የሐዘን ልብስ ሰፍቶ ላከልኝ’ ትላለች።”

ሐዘን ላይ ነጠላ ይዘቀዘቃል፤ ከታች መሆን ያለበት ጥለት ወደ ላይ ይወጣና በአንገት ዙሪያ ይውላል። ይህን አገራችን ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። እኔም አውቃለሁ። ግን ነጠላ መቼ ሰፋሁ?

“ብርድ ልብስ እኮ ነው!” ብዬ ጮህኩ። “ደግሞ እሷ እዚህ ያደገች ልጅ፣ ይህንን ከየት አውቃ ነው?”

ሚስቴ ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች።

“አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርካት? እናትህ የሞቱ ጊዜ።”

አስታወስኩ። የእናቴ መርዶ የመጣ ጊዜ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሳሎናችን በሰው ተሞልቶ ነበር። እናቷ ነጠላ ዘቅዝቃ ስታለብሳት “እማዬ፣ አፕሳይድ ዳውን ነው እኮ” አለች። ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ጥለቱን አንገቷ ላይ በጣቴ እያሳየሁ፣ ስናዝን እንዲህ፣ ደስታ ሲሆን እንዲያ ብዬ አስረዳኋት። ልጅቷ በትኩረት ሰምታኝ፣ ሰባት ቀን ሙሉ ነጠላዋን እያስተካከለች በተዘቀዘቀበት አቆየችው። “ወጉን የምታውቂ መስሎኝ ነበር” ያልኳት ይህችኑ ልጅ ነው። እኔ ረስቼው እሷ ይዛዋለች።

“በይ አንቺ አስረጃት፤ እንዲያምር ብሎ ነው በያት” አልኳት ሚስቴን።

“ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስረዳልህ ኖሬያለሁ። ደከመኝ” አለችና ዘጋችው።

አንድ ሰዓት ያህል ቤት ውስጥ ተንጎራደድኩ። ለገዛ ልጄ ሽማግሌ መላክ ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር፤ ማንን እንደምልክ ሳስብ ትዝ ያለኝ ያ ካልሲው የተቀደደ አጎት ብቻ ሆነ። ሙሉ ልብሴን ከመስቀያው አወረድኩ፣ አየሁት፣ መልሼ ሰቀልኩት። በሹራቤ ላይ ጃኬት ደርቤ ወጣሁ።

አውቶቡስ ውስጥ የምናገረውን ማዘጋጀት ጀመርኩ። መጀመሪያ “አንድ ስህተት ተፈጥሯል” የሚል ነበር። ሁለት ፌርማታ ካለፍን በኋላ ስህተቱ ራሱ መርፌ ይዞ የሰፋ እንደሚመስል ገባኝና ተውኩት። ቀጥሎ “በተሳሳተ መንገድ ተረድተሽኛል” አልኩ፤ ይሄ ደግሞ ጥፋቱን ወደ አራስ ልጅ ማዞር ሆነ። ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ “ወገቤን እያመመኝ” የሚል ጨመርኩበት፤ እሱንም ሰረዝኩት። ጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ ቦታ ቀየረች። ስወርድ የቀረችኝ አንዲት ቃል ናት፤ እሷን ደግሞ በአፌ ብዬ አላውቅም። ፈርቼ ነበር። በሩን ከፍታ ሂድ ብትለኝ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም።

በሩን የከፈተው ባሏ ነው። ጫማዬን አወለቅኩ። ሚስቴ ወጥ ቤት እንዳለች ሰምቻታለሁ፤ ቧንቧውን ከፈተች እንጂ አልወጣችም። ልጄ ሳሎን ሶፋ ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ፊቷ ሞላ ብሏል፣ ደክሟታል፣ ፀጉሯን ሰብስባ አስራዋለች። ብርድ ልብሱ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። አልተነሳችም፤ ልጁን እንጂ እኔን አላየችም። አውቶቡስ ውስጥ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

“ጥለቱን እተረትረዋለሁ” አልኩ። “ብዙ አይፈጅም። አገጩ ሥር እንዲታይ ብዬ ነው እኮ... ለአንድ በኩል ብቻ ስለበቃኝ...”

“አባዬ” አለች፣ ቀና ሳትል፣ “ሁለት ባስ ይዘህ የመጣኸው ስለ ብላንኬቱ ልታወራ ነው?”

ወጥ ቤት ያለው ውኃ ቆመ። የልጄ ባል ቋንቋው ባይገባውም ወደ ሌላ ክፍል ሄደ። እኔ ካልሲዬን ብቻ አድርጌ ሳሎኑ መሃል ቆሜያለሁ።

“አይደለም” አልኩ። “ሽማግሌዎቹን እሺ ልላቸው ነበር። በሁለተኛው ሲመጡ። ሁለት እሑድ ለብሼ ጠብቄያቸዋለሁ።”

ቀና አለች።

“ዌት። እሺ ልትል ነበር?”

“አዎ።”

“ሁለት ዓመት ሙሉ? እና ለምን አልነገርከኝም?”

“እንጃ። ኩራት ነው። ያቺን ቃልም... ልጅ የለኝም ያልኩትን... እልህ ይዞኝ እንጂ...” እዚህ ላይ እልህ ይዞኝ ማለት እንደማያዋጣ ገባኝና አቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ ድምፄ ግን በፍጹም አላማረም። “ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።”

ልጄ ሳቀች ልበል አለቀሰች አላውቅም፤ ሁለቱም ነበር። ሕፃኑ ደረቷ ላይ ተንቀሳቀሰ፤ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

“አንዴ ድገመው” አለችኝ።

“የቱን? የሽማግሌዎቹን?”

“ኖ። ላስቱን።”

ይቅርታዬን ደገምኩት። ሁለተኛው ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ ባሰ። የመጀመሪያውን ስናገር ወለሉን ነበር የማየው፤ አሁን ግን እሷን እያየኋት ነው፣ እሷም ዓይኗን አልነቀለችልኝም። ስጨርስ ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛወረችና ሶፋው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።